የአያ ሙሐመድሁሴን መጋረጃ

«ሁለት እሳት ለአንድ ውሃ! አንዱ ከላይ ይጠብሰዋል፣ አንዱ ከታች ይቀቅለዋል፤ ታዲያ ውሃው በየት በኩል ይውጣ? በኔ ጆሮ ይውጣ? ገመዴን ቁረጡት! ቁረጡት! ግን መጀመሪያ ሰው የሚባል ፍጥረት በሙሉ ከዚህ ግቢ ይውጣልኝ! ውጡ! ውጡ ብያለሁ!»

ጩኸቱ የአያ ሙሐመድሁሴን ነው። የሚጮሁባት ኢንጂነር እድላዊት ናት፤ መሰላሉ ሥር መቀስ ይዛ ቆማለች። እኔ ወንዱ፣ የባጃጁ ሹፌር፣ መሪዬ ላይ ተደፍቼ እያንዳንዷን ቃል ከነመንቀጥቀጧ እለቅማለሁ፤ በኋላ ለሕዝብ አቀርባታለሁ።

«ውጡ» ተብሎ የወጣ ግን የለም። ወተት ሊያስረክቡ የተሰለፉት ሴቶች ዘወር ብለው እንኳ አላዩም። አንዷ ጀሪካኗን በእግሯ ገፋ አድርጋ «ዛሬ ደግሞ ምን ሊፈነዳባቸው ነው?» አለች። ሌላዋ «ፀሐይቱ» ብላ መለሰችላት።

ጠቡን እዚህ ላይ ላቁመውና ስለ ሰውዬው ልንገራችሁ።

በዚህ አገር ፈሪ የሌለበት ሰፈር አሳዩኝና ባጃጄን ከነነዳጇ እሰጣችኋለሁ። ጅብና ዳኛ የሚፈራውን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ሁላችንም ነን። እኔ የምላችሁ መፍራትን ሥራዬ ብሎ የያዘውን ነው። ጎረቤት ሲሊንደር ሲቀይር ልጆቹን ሰብስቦ ማዶ የሚሻገረው፣ ሰማይ ሲያጉረመርም ቴሌቪዥኑን የሚነቅለው፣ ከነቀለም በኋላ ሶኬቱን በጨርቅ የሚሸፍነው፣ ሠርግ ተጠርቶ ከመብላቱ በፊት የዳሱን ምሰሶ የሚነቀንቀው። እናንተም ሰፈር አለ። ስሙን ሳልጠራው ፊቱ መጥቶባችኋል።

የኛ የሐይቅ ከተማው ግን ተራ ፈሪ አይደሉም። ክቡርነታቸው አያ ሙሐመድሁሴን፣ የወተት ፋብሪካችን የቦይለር ሹም፣ የእሳት ባለሟል፣ የሐይቅና የአካባቢዋ የስጋት ጠቅላይ አዛዥ ናቸው። ስልሳን ተሻግረዋል። ቀጭን ናቸው፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ እጅጌያቸው እስከ አንጓቸው የተቆለፈ ነው። ከመናገራቸው በፊት ሁለት ጊዜ ይስላሉ፤ «እህ፣ እህ»። ሳሏ ከተሰማች አንድ መጥፎ ነገር እየመጣ ነው።

ባጃጅ ሲሳፈሩ አንድ እግራቸው ውጭ ነው። «አያ፣ ኧረ እግርዎን ያስገቡት፣ መኪና ይወስደዋል!» ብላቸው «እሱን ይውሰድ፤ እኔ በሱ ዘልዬ ነው የምተርፈው» ይሉኛል። ስልካቸውን ቻርጅ ሲያደርጉ በረንዳ ላይ ድስት ውስጥ ከተው ክዳን ይጭኑበታል። ሲደወልላቸው ድስቱ ነው የሚጮኸው፤ እሳቸውም ድስት ሲጮህ ቀርበው አያውቁም። ስለዚህ አያ ሙሐመድሁሴንን በስልክ ያገኘ ሰው እስከዛሬ የለም።

ልጃቸው ረቢያ ከዓረብ አገር ስትመለስ ፕሬዠር ኩከር ይዛ መጣች። አባቷ ምን አደረጉ? ምድጃውን ከነድስቱ ግቢው ጥግ የማንጎው ዛፍ ሥር አስወጡና ቤተሰቡን ቤት ውስጥ ዘጉበት። ሥጋው በሰለ፤ ድስቱ አፏጨ። «አባ፣ ልሂድ ላውጣው» ስትል «ማነው የላከሽ?» ይላሉ። አረረ። የዚያን ቀን ደረቅ ዳቦ በሻይ በሉ። አያ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም አለን» ብለው ቆጠሯቸው።

ዓሣ ሲበሉ ፈንጂ የሚያመክን ወታደር ናቸው። ሐይቁ ዳር ሲቀመጡም ለውሃው ጀርባቸውን አይሰጡም። «አያ፣ ይሄ እኮ ሐይቅ ነው፤ የት ይሄዳል?» አልኳቸው አንድ ቀን። ሁለት ጊዜ ሳሉና «ተኝቷል እንጂ ሞቷል ያለህ ማነው?» አሉኝ። ልነግራችሁ አላፍርም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ፊቴን ወደ ውሃው አድርጌ ነው የምቀመጠው።

የኔ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ያስወጣኝ አንደበቴ ነው። ርዕሰ መምህሩን እየመሰልኩ ክፍል ሙሉ ተማሪ ወደ ቤት አሰናብቼ ስዞር ራሱ ርዕሰ መምህሩ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ እየነዳሁ ከአርዲቦ በኩል ካሉት መንደሮች ወተት አመላልሳለሁ፤ በትርፍ ሰዓቴ ሰው እመስላለሁ። ሐይቅ ውስጥ ያልመሰልኩት ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ከሁሉ ግን የሚፈለጉት አያ ሙሐመድሁሴን ናቸው። «እህ፣ እህ። ያ ኢላሂ! ውጡ! ውጡ ብያለሁ!» ብዬ በስልክ ቀዳሁት፤ እጅ በእጅ ዞረ። የከተማዋ እኩሌታ የስልክ ጥሪ አደረገው። ሚኒባስ ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ውጡ ብያለሁ!» ይላል የሆነ ኪስ፤ ሰው ይስቃል።

እሳቸው አልተቆጡኝም። አንድ ቀን ብቻ ባጃጄን አስቆሙና «ወንዱ፣ ድምፄን አታርክሳት። አንድ ቀን እፈልጋታለሁ» አሉኝ። እኔ ዞር ብዬ እሷንም መሰልኳት።

አሁን ወደ ጠቡ። ፋብሪካ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከደሴ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ባለቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ወተቱ እንዳይበላሽ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይታሸጋል፣ ደሴ ይሄዳል። ለማሞቂያው ውሃ የሚያፈላው ቦይለር ባሕር ዛፍ ነበር የሚበላው፤ በየሳምንቱ አንድ አይሱዙ ሙሉ እንጨት። አያ ሙሐመድሁሴን አስራ አራት ዓመት አብልተውታል። ሆዱ ላይ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ፤ ሲርበው ያውቃሉ፣ ሲጠግብ ያውቃሉ።

አምና እድላዊት ከደሴ መጣችና ጣራው ላይ የመስታወት ቱቦዎች ደረደረች። ሰብስባም አስረዳችን። ፀሐይዋ መጀመሪያ ውሃውን በቱቦዎቹ ውስጥ ታሞቀዋለች፤ የጎደለውን ሙቀት ቦይለሩ ይሞላል። ደመና ሲሆን ብዙ እንጨት፣ ፀሐይ ሲሆን ትንሽ እንጨት። ስሙ «ሃይብሪድ» ነው አለች። እኛ «ዲቃላው» አልነው። ወሬ አይደለም፣ አይሱዙው በሦስት ሳምንት አንዴ ብቻ ይመጣ ጀመር።

ሁሉም አጨበጨበ፤ አያ ሳሉ።

«እህ፣ እህ። ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሳት ሲበዛብኝ እንጨቱን ከሥሩ እስብለታለሁ፤ ይበርዳል። ፀሐይቱ ስትበዛብኝ በምን ልሳባት? ማጥፊያዋ የት ነው?»

«አያ፣ ማጥፋት አያስፈልግም። ፓምፑ ውሃውን እያዞረ ሙቀቱን ወደ ታንከሩ ይወስደዋል።»

«ፓምፑ በምን ይሄዳል?»

«በመብራት።»

ሴቶቹ በሙሉ ሳቁ። መብራትን እናውቀዋለንና።

«ለሱም አስበናል» አለች እድላዊት፣ ጉንጯ ቀልቶ። «መብራት ሲጠፋ ይቺ ባትሪ ፓምፑን ታንቀሳቅሰዋለች። ይቺ ባትሪ ለፓምፑ ብቻ ናት፣ እሺ?»

«ባትሪይቱስ ብትጠፋ?»

«አትጠፋም።»

አያ እኛን አንድ በአንድ አዩን። በዓይናቸው ሬሳ የሚቆጥሩ ነው የመሰሉት።

ሁለተኛ ጥያቄም ነበራቸው። ጣራው ላይ መተንፈሻ ቫልቭ አለች፤ ግፊት ሲበዛ ራሷ ተከፍታ የፈላውን ውሃ የምትተፋ። አፏ ደግሞ ሴቶቹ ወተት ይዘው በሚሰለፉበት ጥላ በኩል ነበር የዞረው። «መተንፈሷስ ትተንፍስ፤ በሰው ፊት ላይ ግን አይደለም» አሉ አያ። እድላዊት ወጥታ አየችና «ልክ ነዎት፤ ክርን ቧንቧ አስመጥቼ አዞረዋለሁ» አለች። ክርኗ ታዘዘች። ክርኗ እስከ ግንቦት አልመጣችም።

አያ ዝም ብለው የሚጠብቁ ሰው አይደሉም፤ ሦስተኛም ፍርሃት መጣባቸው። ቱቦዎቹ ከመንገድ ይታያሉ። መንገደኛ ከሚኒባስ እየወረደ ፎቶ ያነሳል፤ «አቤት ሲያብረቀርቅ!» ይላል፤ ማሻአላህ የሚል የለም። «ዓይን ይገባበታል» አሉ። አስራ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ሰፉ፣ ከሥሩ አሮጌ ቡልኳቸውን አነጠፉበት፣ ከጉድጓድ ውሃ መጎተቻ የተፈታች መዘውር ላይ ገመድ አስገቡ። እንግዳ መኪና ሲያልፍ ገመዷን ከታች ሳብ፤ መጋረጃው ቱቦዎቹን ልብስ። መኪናው ሲያልፍ ልቀቅ። ከደሴ ወልድያ ስንት መኪና ያልፋል? ገመዷ ቀኑን ሙሉ አትለቀቅም!

እድላዊት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ሰማዩ እሳት ነው፣ ውሃው ግን ለብ ብሎ ይቀራል። ፓምፑን ፈታች፣ ቧንቧውን ፈታች፣ የሙቀት መለኪያውን ቀየረች። እሷ ስትመጣ መጋረጃው የለም፤ እሷ «ማሻአላህ» ስለምትል ለሷ አይሸፈንማ። በአራተኛው ሳትናገር መጣች፤ በማን? በኔ ባጃጅ። ግቢው በር ስንደርስ ክቡርነታቸው ገመዷን በሁለት እጅ ይዘው፣ ለአንድ የጤፍ መኪና እየሸፈኑ ተያዙ።

ያ ጩኸት የዚያን ቀን ጩኸት ነው። ገመዷ ተቆረጠች። መጋረጃው ተጠቅልሎ እንጨት ቤት ገባ። አያ ሙሐመድሁሴን ወደኔ ዞሩ።

«አንተ ነህ ያመጣሃት።»

«ሥራዬ ነው፣ አያ።»

«እንግዲያው እንወራረድ። እስከ መስቀል ይሄ ነገር ይፈነዳል።»

«አይፈነዳም።»

«ከፈነዳ ሁለተኛ በድምፄ አትናገርም። ጥሪውንም ከሰው ስልክ ሁሉ ታስጠፋለህ።»

«ካልፈነዳስ?»

አሰቡ፤ የሚፈሩትን ሁሉ እየመዘኑ መሆናቸው ያስታውቃል። «ካልፈነዳ በባጃጅህ ውጫሌ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። ሁለቱንም እግሬን አስገብቼ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። እጅ ተመታን፤ አሪፋ ቆረጠችልን። አሪፋ ከሰልፉ ሁሉ ትልቋ ናት፤ ጥሪውን ስልኳ ላይ በመጫንም የመጀመሪያዋ ናት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግንቦት ውስጥ ነው፣ ማክሰኞ። ሰማዩ ላይ የጥፍር ያህል ደመና የለም። መብራት ከሰኞ ጀምሮ የለም።

እዚህ ላይ የምናገረውን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ስፒከር አለችኝ፤ ሰልፉን የማዝናናባት። ሰኞ ቻርጇ አለቀ። ባትሪዋ ጋ ሄጄ ሰካኋት። የፓምፑ መጠባበቂያ መሆኗን አላወቅሁም ልበል? እድላዊት ስታስረዳ ፊት ለፊት ቆሜ ነበር። እንዲያውም «ይቺ ባትሪ ለፓምፑ ብቻ ናት፣ እሺ?» የሚለውን በድምፅዋ መስዬ ስንት ቀን አስቄበታለሁ። ቃሉን ከነዜማው ይዤዋለሁ፤ ትርጉሙ ግን አልገባልኝም። አንድ ስፒከር ምን ትበላለች? እኔን ያየ ስልኩን ሰካ፤ እሱን ያየ ስልኩን ሰካ።

ስድስት ሰዓት ግድም የመጨረሻውን ወተት ጭኜ ገባሁ። ሞተሬን ሳጠፋ አንድ ነገር ጎደለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የጎደለው የፓምፑ ድምፅ ነው። በምትኩ ከጣራው ላይ ሌላ ድምፅ ይመጣል። መጀመሪያ እንደ ጠጠር ኮሽ አለ። ከዚያ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው መሰለ። ቆርቆሮው ከሥሩ ይንቀጠቀጣል።

አያ ሙሐመድሁሴን የግፊት መለኪያው ጋ ቆመዋል። መርፌዋ ቀዩን አልፋለች። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ከጥላው ሥር፣ ልክ የቫልቯ አፍ በሚያይበት፣ አስራ አምስት ሴቶች ተሰልፈው ያወራሉ።

«ውጡ!» አሉ አያ። «ውጡ! ውጡ ብያለሁ!»

አሪፋ እጇን ወደ ጉያዋ ሰደደች። ስልኳን አወጣችና «ሃሎ?» አለች።

ሰልፉ በሳቅ አለቀ። አንዷ «ወንዱ መጣ፣ ወንዱ መጣ» አለች። አያ ደግመው ጮሁ። ሳላቸውን እንኳ ረስተዋል፤ በዚህ ነው እውነት መሆኑን ያወቅሁት። ሴቶቹ ግን አጨበጨቡ። «ዛሬስ በለጥከው!» አለች አንዷ፤ ወዴት እንደምታይ ሳታውቅ።

አያ ዞር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። ቁጣ አይደለም። ለዓመታት የፈሩት ነገር በር ከፍቶ ገብቶ «እነሆኝ» ያላቸው ሰው ዓይን ነው።

«ድምፄን ወስደህብኛል» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንተ አውጣቸው። እኔ ልውጣ።»

ወዴት እንደሚወጡ ሳልጠይቅ እንጨት ቤት ገቡ፤ ያን የጆንያ መጋረጃ ተሸክመው ወጡ። መሰላሉን ያዙ። አስራ አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሲወጣበት እንኳ ዓይናቸውን የሚጨፍኑበትን መሰላል።

እኔ ወደ ጥላው ሮጥኩ። «ውጡ! እናቶቼ፣ ማርያምን፣ ውጡ! የፈላ ውሃ ሊመጣባችሁ ነው!» ብዬ ጮህኩ። በራሴ ድምፅ። ቀጭን ናት፣ ትሰባበራለች፤ እኔም ራሴ ከሰማኋት ቆይቻለሁ።

ሴቶቹ ተያዩ። «አሁን ደግሞ ማንን መሆኑ ነው?» አለች አንዷ። አሪፋ ጆሮዋን አዘንብላ አዳመጠችና «ይሄን አላወቅሁትም» አለች። «ማንንም አይመስል።»

ከላይ ቆርቆሮው «ጓ!» አለ። ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ከተማ ውስጥ ድምፄን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። እነሱ ሊቃጠሉ ነው፣ በኔ ስፒከር፣ በኔ ቀልድ፣ እየሳቁ።

ያን ጊዜ እትዬ ተሻለች ትዝ አለችኝ። ወተት ተቀባይዋ፤ ምሳ ወጥታ ነበር። ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ከአዳራሹ ግድግዳ ጀርባ ተሸጉጬ፣ ያቺን ባፍንጫዋ የምትለቃትን ድምፅ ለቀቅኳት።

«ሚዛኑ ወደ በሩ ሄዷል! ሰልፍ በበሩ በኩል ነው! የዘገየች ወተቷን ይዛ ትመለሳለች! አንደኛ ማን ናት?»

እንዴት እንደሮጡ! ከሞት ለማምለጥ ያልተንቀሳቀሰ እግር አንደኛ ለመሆን አቧራ አስነሳ። አሪፋ ከዱላዋ ጋር አምስት ሴት ቀደመች። የመጨረሻዋ ነጠላዋ ምሰሶው ላይ ተይዞባት፣ ቀድጃት ነው ያወጣኋት።

በሩ ጋ ገና ሳንደርስ ቫልቯ ተከፈተች።

ድምፁን መምሰል አልችልም። ሞክሬ አውቃለሁ። የፈላው ውሃ በእንፋሎት ተጠቅልሎ አግዳሚው ላይ አረፈ፤ ትንሽ ቀደም ብሎ አሪፋ የተቀመጠችበት ላይ። አንዷ ረስታው የሄደች የላስቲክ ጀሪካን ዓይናችን እያየ ተሸበሸበና ተኛ። አስራ አምስት ሴትና አንድ ቀላጅ ወደ ላይ አየን።

እዚያ እንፋሎት ውስጥ አያ ሙሐመድሁሴን አሉ። በእንብርክካቸው ቆርቆሮው ላይ እየተሳቡ መጋረጃውን ይዘረጋሉ። አንዱን ቱቦ ሲሸፍኑ «ቢስሚላህ»፣ ሁለተኛውን ሲሸፍኑ «ማጥፊያዋ የት ነው ብዬሽ ነበር!»፣ ሦስተኛውን «ቢስሚላህ»፣ አራተኛውን «አትጠፋም ብለሽኝ ነበር!»። እያለቀሱም ይመስለኛል። እጅጌያቸው ተቀዶ ክንዳቸው ወጥቷል፤ ከክርናቸው በታች ቆዳው ሁሉ የተኮማተረ፣ አሮጌ ቃጠሎ ነው። ከኛ ማንም አይቶት አያውቅም።

ፀሐይቱ ጠፋች፤ ለቱቦዎቹ ማለቴ ነው። ጥርስ ማፋጨቱ ቀስ በቀስ ቆመ። ቫልቯ ሁለት ጊዜ አነጠሰችና ተዘጋች።

አሪፋ ስልኳን ጉያዋ ከተተችና በትንሽ ድምፅ «አያ ነበሩ እንዴ?» አለች።

በአንድ ትንፋሽ የወጡትን መሰላል ለመውረድ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀባቸው። ሃያ ሰው መሰላሉን ይዟል።

«ይዛችኋል?»

«ይዘናል፣ አያ!»

«በደንብ?»

«በደንብ!»

«መሬቱንስ?»

እግራቸውን እያንዳንዷ እርከን ላይ የማሳርፍላቸው እኔ ነበርኩ። ቁርጭምጭሚታቸው እጄ ውስጥ እንደ ዶሮ ልብ ይመታል። የመጨረሻዋ እርከን ላይ «አያ፣ ክንድዎ ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

«ድሮ ነው። ሌላ አገር፣ ሌላ ቦይለር» አሉ። «ያኔ አልፈራም ነበር።»



እድላዊት ከሰዓት በኋላ እየበረረች መጣች። ያቺ ክርን ቧንቧ ድንገት ተገኝታ በእጇ ላይ ናት። አግዳሚውን አየች፣ ጀሪካኑን አየች፣ ፊቷ አመድ መሰለ። ወደ አያ ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ስትል «ተይ፣ ሲሚንቶው ያንሸራትታል» ብለው መለሷት። ከዚያ ባትሪዋን ከፍታ መረመረች።

«ይቺ እኮ ሁለት ቀን ፓምፑን ልታንቀሳቅስ የምትችል ናት። ማን ጨረሳት?»

ስፒከሬ ባጃጄ ውስጥ፣ መቀመጫ ሥር ነበረች። ልናገር ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቼ ነበር።

«እህ፣ እህ» አሉ አያ ሙሐመድሁሴን። «ዓይን ነው ልጄ።»

«የምን ዓይን፣ አያ? ባትሪ እኮ ነው!»

«ዓይን ነው አልኩሽ። የዓይን ነገር ደግሞ አይመረመርም።» እያዩ የነበሩት ግን እኔን ነው።

እድላዊት ክርኗን ገጥማ የቫልቯን አፍ ከጥላው አዞረች፤ አዲስ ገመድም አስመጣች፤ በራሷ እጅ መዘውሯ ላይ አስገባቻት። ግድግዳው ላይ ያለው የሥራ መመሪያም ተጨመረበት፤ «ፀሐይ እያለ ፓምፑ ከቆመ ወዲያውኑ መጋረጃውን ይጎትቱ።» አያ «ማሻአላህ የማይል ሰው ሲያልፍም» የሚል እንዲጨመር ሦስት ቀን ተከራክረው ተሸነፉ። በማግስቱም ባጃጄ ውስጥ ስፒከሬን በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልላ አገኘኋት። «ይቺም ትፈነዳለች» አሉኝ ሲያልፉ።

ጥሪውን ከሰው ስልክ ሁሉ አስጠፋሁ። ተበልቼ አይደለም፤ ውርርዱማ ገና ነው። እሳቸው «ፈነዳ፤ በዓይንህ አይተሃል» ይላሉ። እኔ «ተነፈሰ እንጂ መቼ ፈነዳ?» እላለሁ። እድላዊትን ዳኛ ብናደርጋት «ቫልቯ ሥራዋን ሠራች» ብላ ዳኝነቷን በላችው። አሪፋ «መቁረጡን ቆርጫለሁ፤ መፍረዱን አላውቅም» አለች። ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች። እንግዲህ እስከ መስቀል ይታያል ተባለ።

ያልገባኝ ነገር ግን አለ። አያ የተወራረዱት ይፈነዳል ብለው ነው። ለመብላት አንዲት ቀን ዝም ብለው ቢቀመጡ ይበቃቸዋል። ሰውዬውን ግን ጎህ ሲቀድ ቧንቧው ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው አገኛቸዋለሁ። ለባትሪዋ ባለቁልፍ ሳጥን ሠርተውላታል፤ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው። በራሳቸው ውርርድ ለመበላት ቀኑን ሙሉ የሚለፋ ሰው እኔ ከሳቸው በቀር አላየሁም። እኔ ደግሞ፣ አይፈነዳም ያልኩት ሰውዬ፣ ወተት አውርጄ ከመሄዴ በፊት መርፌዋን ሳላይ አልወጣም። የባጃጄ የኋላ ወንበር ላይም ለሁለት እጅ የሚሆን መያዣ ገመድ አስሬያለሁ፤ የውጫሌ መንገድ ጠመዝማዛ ነው።

ትናንት ቀን ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ፓምፑ በባትሪዋ ይሄዳል፣ መርፌዋ ከቀዩ በታች ናት፣ ምንም የለም። አያ ግን ገመዷን ጨብጠዋል።

«አያ፣ ዛሬ አይጎትቱት እስኪ» አልኳቸው። «ማን ያውቃል፣ ይበሉኝ ይሆናል።»

ወደ ጥላው አዩ። አሪፋ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጣ ታንቀላፋለች።

«ዝም በል አንተ» አሉኝና ጎተቱት።